አየር የምታፈሰው ጠመንጃሽ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ደብሪቱ፤ ካለሽበት ጁባ።

እንደምን ሰንብተሻል እትዬ? አካልሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ሕመም ተወሽ ወይስ ዛሬም አለ? የጁባ ሙቀትስ? ወባውስ? እማዬ ሬዲዮ ላይ ደቡብ ሱዳን የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ዜናውን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማ ነው የምትጨርሰው። የምታበስዪበት ሆቴል ሲሞላ ምሳሽን ሳትበይ ትውያለሽ ብለውናል ከዚያ የመጡ ሰዎች፤ እውነት ከሆነ ተይ፣ ሰው ለሰው ሲያበስል ራሱን አያስርብም። እኛ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬን ቁርጥማቱ ጉልበቷ ላይ ቢጫወትባትም ቤተ ክርስቲያን ከመሳለም አላስቀራትም። አጎታችን መሪጌታ ሐብተ ማርያም ደኅና ናቸው፤ ድምፃቸው እንዳለ ነው፣ ቁጣቸውም እንዳለ ነው። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። እኔም ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ያልሁሽ በአካል ነው፤ ሌላውን ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ምነው ስልክ እያለ ደብዳቤ ትይኝ ይሆናል። ስልካችንን ታውቂዋለሽ። አንቺ ስትደውይ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጊው ትልና ከእኛ አልፎ ጎረቤት ሳይቀር «ደብሪቱ ደወለች» ብሎ አጥሩን ተደግፎ ይሰማል። ይኼ ደግሞ እማዬ ፊት የሚነገር ነገር አይደለም። በቴሌግራም ልጻፍልሽ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ጣቴ ሁለት መስመር ይጽፍና መልሶ ያጠፋዋል። ነጋዴው አንዳርጋቸው ወደ ጁባ ሊመለስ ጓዙን እየሸከፈ ነው ሲሉ ሰማሁና በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጠመንጃሽ ነው። ከመተማ ያመጣሻት የአየር ጠመንጃ፣ ፒያሳ ላይ ሰሌዳ ተክለን፣ ፊኛና የክብሪት እንጨት ደርድረን ሰው ዒላማ የምናስተኩስባት፣ ስትሄጂ ለእኔ አደራ ያልሽኝ። እሷ ኅዳር ላይ ታመመች። መጀመሪያ ጥይቷ ዝቅ እያለ ይመታ ጀመር፤ ፊኛ ላይ ያነጣጠረ ሰው ሰሌዳውን ይመታል። እየቆየ ደግሞ ጭራሹን ጥይቱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና በሽቦ እየገፋሁ ማውጣት ሆነ ሥራዬ። ምላጩ ሲሳብ ድሮ ጧ ትል የነበረችው አሁን እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ ፉፍ ብላ ዝም ትላለች። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆች ጠመንጃሽን አስም ይዟታል፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት እያሉ ሣቁብኝ።

ሣቃቸውስ ይሁን። የቆዩት ደንበኞች ናቸው የገደሉኝ። «ደብሪቱ እያለች እኮ ይቺ ጠመንጃ ዝንብ ትመታ ነበር» ይላሉ። እማዬም ቤት ስገባ፣ ደብሪቱ እጅ ላይ ሳለች አንድ ቀን አሟት አያውቅም ትለኛለች። ጠመንጃ ሰው ይመስል! እትዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እዚህ ከተማ ውስጥ ስም የለኝም። የደብሪቱ እህት ነኝ። ዳቦ ስገዛ የደብሪቱ እህት፣ ወፍጮ ቤት የደብሪቱ እህት፣ ስታመም እንኳ የታመመችው የደብሪቱ እህት ናት። ሰው በሌለሽበት እንዲህ ከወደደሽ ብትኖሪ ምን ሊሆን ነበር እያልሁ እበግናለሁ። ይኼንን ስጽፍልሽ አላፈርሁም፤ ከዚህ የባሰ ስለምጽፍልሽ።

በዚህ ላይ ሄለን መጣች። ሄለን ማለት ከእኔ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የራሷን ዒላማ ያቆመች ልጅ ናት። ሰሌዳዋ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ ነው። ዘፈን የሚለቅ ድምፅ ማጉያ አላት። ጠመንጃዋ አዲስ፣ ሰደፉ ፊት የሚያሳይ። እሷ ራሷ ቀጥ ያለች፣ ዓይነ ግቡ፣ ጥፍሮቿን ቀይ ተቀብታ አፈሙዙን ወደ ታች ሰብራ ጥይት ስታጎርስ ወንዱ ሁሉ የሚያየው ጥይቱን ሳይሆን ጣቷን ነው። እኔ ከማዶ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የእሷ ፊኛ ሲፈነዳ አዳምጣለሁ። አንድ ፊኛ በፈነዳ ቁጥር በጣቴ እቆጥራለሁ። ሰላም ስትለኝ ሰላም እላታለሁ፤ ጥርሴን ግን አላሳያትም።

ከእኛ ጎን ማኪና የሚያጥበው ሰውዬ፣ ዘይት ብታጠጫት ይሻላታል አለኝ። የሞተር ዘይት ሰጠኝና አፈሙዙን ሰብሬ በቀዳዳው በኩል እስኪበቃት አፈሰስሁላት። ከዚያ በኋላ በመጣው ደንበኛ እጅ ላይ እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ጮኸች፤ ከአፏም ጭስ ወጣ። ሰውዬው ጠመንጃዋን ጥሎ ቁጢጥ አለ። የሄለን ደንበኞች መሬት ላይ ተኙ። ፖሊሶች መጥተው አገላብጠው አዩና ሁለተኛ እንዲህ ብትጮኽ እንወስዳታለን ብለው፣ እየሣቁም ቢሆን፣ አስጠንቅቀውኝ ሄዱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ሄለን አቧራ ላይ ተንበርክካ ሳያት ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ አልቆየም። ጠመንጃዋ ያን ዕለት ጉልበት አግኝታ ዋለችና በማግስቱ ከፊተኛውም ባሰባት።

ያኔ ነው ወደ የሺዋስ ይዣት የሄድሁ። የሺዋስን ታውቂዋለሽ፤ አራዳ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪናና የቡታጋዝ ምድጃ የሚጠግነው፣ የአይከሉ ልጅ። ታውቂዋለሽ ስልሽ፣ ምን ያህል እንደምታውቂው ያኔ አላወቅሁም ነበር።

እንግዲህ እህቴ ነሽና ልደብቅሽ አልችልም። እኔ ልቤ ወደ እሱ ከሄደ ቆይቷል። ብዙ የማይናገር፣ ሲሠራ የታች ከንፈሩን የሚነክስ፣ ሰው ሲያናግረው እጁን ጠርጎ ቀና ብሎ የሚሰማ ሰው ነው። ያልተበላሸውን የእማዬን ምድጃ ተበላሽቷል ብዬ ይዤለት ሄጄ አውቃለሁ። እሱ ሱቅ የምሄድ ዕለት መስተዋት ፊት የምቆመውን አቋቋም እማዬ አይታ፣ ምነው ልጄ ሠርግ አለ እንዴ ብላኛለች። እና ጠመንጃሽ በመታመሟ አዘንሁ ብልሽ ግማሹ ውሸት ነው።

ጠመንጃዋን ተቀብሎ አየት አደረጋት። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ዓይነት ስስ ወረቀት ቀደደና አፈሙዙ ከአካሏ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ አስቀምጦ፣ ጥይት አጉርሺና ወደዚያ ጆንያ ተኩሺ አለኝ። ተኮስሁ። ወረቀቱ ብር ብሎ ሄደ። ጥይቱን መግፋት የነበረበት አየር በዚህ እየሾለከ ነው አለኝና መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ቀለበት ጎማ በመርፌ አውጥቶ አሳየኝ። እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰነጣጥቃለች። ከምድጃ ዕቃዎቹ መካከል ሌላ ፈለገ። አንዷ ወፍራም ሆነችና አፈሙዙ አልገጥም አለ፤ ሌላዋ ቀጥና ወረቀቱን ዳግመኛ አበረረችው፤ በኋላ ልኳን አገኘ። ወረቀቱ ባለበት ቀረ። ጠመንጃዋ ግን አሁንም ጉልበት የላትም።

እንግዲህ ሕመሙ ከውስጥም ነው አለ። ሞላው የሚገፋው ፒስተን ራሱ ላይ ሌላ ጎማ አለ፤ አየሩን አፍኖ ወደፊት የሚነዳው እሱ ነው፤ እሱ ከተበላ አየሩ በጎንና በጎን ወደ ኋላ ይመለሳል ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ፣ ዘይት አጠጥተሻት ነበር ወይ ሲል ጠየቀኝ። አላጠጣሁም አልሁት። አፈሙዙን ሰብሮ ሲያሸታት የተቃጠለው ዘይት አፍንጫው ላይ ወጣ። አልተቆጣኝም። ዘይት እዚያ ውስጥ ሲበዛ በግፊቱ ግሎ እንደ ናፍጣ ይነድዳል፣ ያ ጩኸት እሱ ነው፣ ጎማውን የሚበላውም እሱ ነው አለኝ። ያለ ጥይት ባዶዋን መተኮስም ፒስተኑን ያለ ትራስ ከግድግዳ ማላተም ነውና ለጨዋታ የሚስቧትን ከልክያቸው አለኝ። እኔ ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነበር የምሰማው። ሐሙስ ነዪ ብሎ ጠመንጃዋን አስቀረ።

ሐሙስ ቀሚሴን ተኩሼ ሄድሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? የእኔ ጠመንጃ ግድግዳ ተደግፋለች። እኔ የተቀመጥሁባት በርጩማ ላይ ሄለን ተቀምጣለች። የእሷ ጠመንጃ የሺዋስ ጉልበት ላይ ነች። እሷ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች፣ እሱ ሥራውን ትቶ ይሰማታል፤ ይሥቃልም። የሺዋስን ሲሥቅ አይቼው አላውቅም ነበር እትዬ። ጥርሶቹ እንዲያ ያማሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ለሌላ ሰው ሲያሳያቸው ነው።

ጠመንጃዬን አነሣሁና፣ ሥራ ከበዛብህ እኔው ራሴ እሠራታለሁ አልሁት። እሱ ግራ ገብቶት ብድግ አለ። እባክሽ፣ ሞላዋ ታፍኖ ያለ ነው፣ ሲፈናጠር ዓይን ያጠፋል፣ ብቻሽን እንዳትከፍቻት ብሎ እስከ ደጅ ተከተለኝ። እሱ ስለ ሞላ ይነግረኛል፣ እኔ ስለ ቀይ ጥፍር አስባለሁ። ዞሬ ሳላየው ሄድሁ።

ቤት ገብቼ የአባታችንን ካቻቢቴ አውጥቼ ተቀመጥሁ። የሰደፉን ብሎን ፈታሁና ውስጧን ሳይ ፈራሁ፤ መልሼ አሠርሁት። በንዴት ያንኑ ደኅናውን ቀለበት፣ እሱ ያስገባውን፣ ነቅዬ ጣልሁ። የእሱ እጅ የነካው ነገር አይኑርባት ብዬ ነው። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ክብ ቆርጬ አስገባሁ። ክቡ ክብ አልሆነም። ሌላ ቆረጥሁ፤ እሱም አልሆነም። ጠመንጃዋ እንደ ተቀደደ ወናፍ በየአቅጣጫው ትተነፍስ ጀመር።

መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ከመቀስና ከጎማ ቁርጥራጭ ጋራ አገኙኝ። እሳቸው ድሮም ይኼን ሥራችንን አይወዱትም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አዩኝና፣ በምን ተናደሽ ነው አሉኝ። በማንም አልተናደድሁም አልሁ። እሳቸውም «በግዕዝ ቅንዓት የምንለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ለራስ ነገር መትጋት ነው፤ አንዱ በሰው ነገር መቃጠል ነው። አንቺ በየትኛው እጅሽ ነው መቀሱን የያዝሽው?» አሉኝ። ጎማዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ጥምቀት እየተቃረበ ነበር። የዓመቱ ዋና ገበያችን ቀሐ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ታቦታቱ ወርደው ሲያድሩ፣ ሰዉ ከየአገሩ ሲፈስ፣ የዒላማ ቦታ ያላት ሴት ለክረምቱ የምትኖረው በዚያ ነው። እማዬ የምትተነፍሰውን ጠመንጃ አየችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ የሺዋስን አስከትላ ነበር። ብረት ወጥሮ የሚይዝበትን ሞርሳ በትከሻው ተሸክሟል። እኔን እንደ ወትሮው እንደምን ዋልሽ አለኝ፤ ሐሙስ የሚባል ቀን ያልነበረ ይመስል።

መደቡ ላይ ሞርሳውን አሠረና ጠመንጃዋን ወጠራት። ሞላው እንዳይፈናጠር እንጨት ደገፈበትና እማዬን በአንድ በኩል፣ እኔን በአንድ በኩል እንድንገፋ አደረገን፤ ፒኑን ካወጣ በኋላ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ ይለናል። ሞላው እንደ እባብ እየተዘረጋ በሰላም ወጣ። ፒስተኑን ሲያወጣ ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ከሰል መስሎ፣ ተፈርፍሮ መዳፉ ላይ ቀረ። የኔን ዘይት አስታወሰኝ፤ እሱ ግን መዳፉን አራገፈ። ይኼ ጎማ ጎንደር ውስጥ አይገኝም፣ የድሮዎቹን ግን በቆዳ ነበር የሚሠሯቸው፣ ወፈር ያለ ሸጋ ቆዳ ካለ እቆርጥለታለሁ አለ።

እማዬ ጓዳ ገብታ ቦርሳሽን ይዛ መጣች። ያቺን ቡናማ የቆዳ ቦርሳ፣ ማንገቻዋ የተበጠሰውን፣ ሣጥኑ ላይ ጥለሻት የሄድሽውን። እማዬ ይቺን ቁረጥ፣ ዓመት ሙሉ አቧራ ከመጠጣት በቀር ሥራ የላትም አለችው።

የሺዋስ ቦርሳዋን ተቀበለ። አገላበጣት። መዝጊያዋን ከፍቶ ዘጋት። አቧራዋን በእጅጌው ጠረገ፣ አንድ ጊዜ ጠርጎ አልበቃውም፣ ደገመው። ከዚያም እንዲህ አለ፦ «ይቺንስ አልቆርጣትም እማማ። ደብሪቱ ስትመጣ ትጠይቃታለች።» በሁለት እጁ መልሶ ሰጣት። ብድግ ብሎም ቀበቶውን ከሱሪው ሳበና ወፍራሙን ጫፍ ሞርሳው ላይ አስተኝቶ ቆረጠው። ሱሪውን በሲባጎ አሥሮ ሥራውን ቀጠለ። እማዬ ሆዷን ይዛ ሣቀች፣ ይኼ ልጅ ዕብድ ነው አለች።

እኔ አልሣቅሁም። አንድ የተበጠሰች ቦርሳ እጁ ላይ ያገኘችውን ክብር እኔ በሁለት እግሬ ፊቱ ቆሜ አግኝቼው አላውቅም። ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ሱቁ በሄድሁ ቁጥር የሚጠይቀኝ፣ ደብሪቱ ደወለች ወይ፣ ወገቧን ተሻላት ወይ፣ እኔ ወግ ለመጀመር የሚጠይቅ ይመስለኝ የነበረው ሁሉ። ሄለን ላይ ስቀና መክረሜ በከንቱ ነበር። ሄለን ላይ መቅናት ደግሞ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እሷን መጥላት እችላለሁ፤ ባዳ ናት። አንቺን ግን በየት በኩል ልጥላሽ? ትምህርት ቤት ፀጉሬን ጎንጉነሽ እየላክሽኝ፣ አባታችን የሞተ ጊዜ ከነጠላሽ ሥር አስገብተሽኝ ያደግሁ ልጅ በየት በኩል ልጥላሽ? ሞክሬያለሁ እኮ። ምናለ እንደ ሌላው ሰው እህት ክፉ ብትሆን ብዬ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ።

እሱ ቆዳውን ክብ አድርጎ ቆረጠ፣ በጥቂት ዘይት አራሰና በጠርሙስ ክዳን እየጫነ እንደ ጽዋ ጎድጎድ እንዲል አደረገው። ፒስተኑ ራስ ላይ በብሎን አሠረው። ሞላው ላይ ስስ አድርጎ ግራሶ ቀባ፣ ዘይት ከእንግዲህ ወደ አየሩ በኩል አይግባ አለ። እኔ የጣልሁትን ቀለበት በሌላ ተካና ትርፍ አንዲት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሲሞክራት የመጋጠሚያው ወረቀት ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም፤ ጥይቷም ያቆመላትን የቲማቲም ቆርቆሮ በዚህ ገብታ በዚያ ወጣች። እማዬ እልል አለች። እሱ ሲባጎውን እያጠበቀ ወደ እኔ ዞሮ፣ አሁን ደኅና ናት፣ ስትደውልልሽ ንገሪያት አለኝ። እስከዛሬ አልነገርሁሽም። ይኸው አሁን ነገርሁሽ።

ጥምቀት ቀሐ ላይ ሰሌዳችን ሰው አጥቶ አልዋለም። ጠመንጃዋ ያነጣጠሩበትን አትስትም። ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? የደብሪቱ ጠመንጃ ዳነች። ሰሌዳውን የተከልሁት እኔ፣ ፊኛውን የነፋሁት እኔ፣ ፀሐይ ያከሰለኝ እኔ፤ የዳነችው የደብሪቱ ጠመንጃ። ቀጣዩን ጥይት አጎረስሁ።

እኩለ ቀን ሲሆን ከወዲያ ጥግ የሄለን ድምፅ ማጉያ ዝም አለ። ቆይታ እሷ ራሷ ጠመንጃዋን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፋ መጣች። የጥፍሯ ቀለም ተላልጦ፣ ፊቷ በላብ ታጥቦ። «ፍሬሰላም፣ ካንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም። ጥይቱ አልወጣም አለኝ» አለች። በስሜ ነበር የጠራችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስሜን የጠራችኝ እሷ ብቻ ናት። ወረቀት ቀደድሁና መጋጠሚያዋ ላይ አድርጌ ተኮስሁላት፤ ወረቀቱ በረረ። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የማውቀው በሽታ። ትርፏን ቀለበት ከወረቀቷ ፈታሁና አስገባሁላት፤ ልክ ሆነች።

ስሠራላት አጠገቤ ተቀምጣ ታወራኛለች። ባሏ የሁመራ መስመር የከባድ ማኪና ሾፌር መሆኑን፣ እሷም ከማግባቷ በፊት ጁባ ከርማ መምጣቷን ነገረችኝ። ያ የሺዋስ የሚባል ልጅ፣ አለች፣ ጠመንጃዬን ሲያይልኝ የሚጠይቀኝ ስለ ጁባ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ሆቴል የሚሠሩ ሴቶች ይከበራሉ ወይ፣ አገር ቤት የመመለስ ሐሳብ አላቸው ወይ፤ አንድ ቀን ሴቶቹ በዓል ሲሆን እንዴት እንደሚጨፍሩ ስነግረው ከት ብሎ ሣቀ፤ እዚያ ያለችውን ሰው የሚወዳት ይመስለኛል፣ አታውቂያትም ወይ አለችኝ። አውቃታለሁ አልኋት።

ከቃና ዘገሊላ በኋላ በሳምንቱ መጀመሪያ ፒያሳ መጣ። ደንበኛ እስኪሄድ ጠበቀና አዲስ ቀበቶውን እየነካካ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ አለኝ። «ለደብሪቱ ጻፊልኝ። እማማ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ እያሰብሁ ነው። እሷ ሳታውቀው ግን ሰው መላክ ነውር መሰለኝ። ፈቃዷ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ካልሆነም አልቀየማትም።» ከመሄድሽ በፊት ሊነግርሽ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ፣ በእኛ ተከብበሽ ስላየሽ አፍሮ መመለሱን ነገረኝ። መምጣቱን አስታውሳለሁ እትዬ። እኔን ሊያጽናና የመጣ መስሎኝ ነበር።

ደብሪቱ እዚያ እጮኛ አላት የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ያምነኛል። ሳይጠራጠር ያምነኝና አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ያ ነው ያስፈራኝ። እጽፋለሁ አልሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ቀኑ ሲመሽና ሲነጋ ወረቀት ሳላነሣ ቆየሁ። አይቶኝ ሲያልፍ በዓይኑ ይጠይቀኛል፣ እኔ ፊኛ እነፋለሁ። ዛሬ አንዳርጋቸው ሊሄድ ነው ሲሉ ነው የተቀመጥሁ።

እንግዲህ ተናግሬያለሁ። የሺዋስ መልካም ሰው ነው። ከፈለግሽው እሺ በይው፣ እማዬም ደስታዋን አትችለውም። ካልፈለግሽው ቁርጡን ንገሪው፣ አታንጠልጥዪው። ካልፈለግሽው እኔን ይፈልገኛል ብዬ አይደለም፤ ቀበቶውን ሲቆርጥ ያየ ሰው እንዲያ ያለ ተስፋ አይኖረውም። ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም። ሠርግሽ ላይ እዘፍናለሁ፣ አጅባለሁ፣ ወጡንም እሠራለሁ፤ ሙሽሪት ሆነሽ ስትወጪ ግን ፊቴን አትዪኝ፣ እስኪለምድልኝ ጊዜ ስጪኝ።

እሱን በተመለከተ የምለምንሽ የለኝም፤ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ጠመንጃዋን ግን እለምንሻለሁ። ሰብሬያትም አድኜያትም አይቻለሁ፤ ከአንቺ የበለጠ አውቃታለሁ። በመልስሽ ላይ፣ ጠመንጃዋ የፍሬሰላም ናት ብለሽ በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ። ለእማዬም ለመሪጌታም አነብላቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይም ስሜን በትልቁ አስጽፋለሁ። ይኼን አትንፈጊኝ እትዬ።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ስማሻለች፤ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጪ ብላለች። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ከነቡራኬያቸው ሰላም ይሉሻል፤ የክርስትና ስምሽን በየቅዳሴው ያነሣሉ። ጎረቤታችን እትዬ ሚስጥር ሰላም ብላለች፤ እሷ ዘንድ ያስቀመጥሽው የእንስራ ክዳን ደኅና ነው። ሄለንም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ለምሥራቅ፣ ለሆቴሉ ባለቤት ለአያ ወንዴ ከእኛ ሁሉ ሰላምታ አድርሽልን፤ እህታችንን እንደ እህታችሁ ያዙልን ብለናል በያቸው።

የሺዋስ ሰላም በይልኝ ብሏል። ይኸው ብያለሁ።

እህትሽ ፍሬሰላም
ጎንደር፣ ቀሐ
ጥር ፳፭ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.